የአደራ ጠረጴዛ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የሥራ ጓደኞቼ ቦርሳዬን ፈተሹት። ኬክ ተቆርሶ፣ ሻሂ ተጠጥቶ፣ አለቃችን ስለ እኔ የሆነውንም ያልሆነውንም አሞግሶ ካበቃ በኋላ በሩ ላይ "አንድ ጊዜ፣ ሰናይት፣ ቦርሳሽን" አሉኝ። እየሳቁ ነበር፤ ግን የእውነት ፈተሹኝ። መነጽሬን፣ መሐረቤን፣ ለጉልበቴ የታዘዘልኝን ቅባት አንድ በአንድ አውጥተው እንደነበረ መለሱት። ቅባቱን ሲያወጡ ስሙ የተጻፈበትን ጎን ወደ ራሳቸው ደረት አዙረው ያዙት። ያን ጊዜ ዕንባዬ መጣ። ያንን አያያዝ መጀመሪያ ያመጣው ማን እንደሆነ አያውቁም፤ እኔ ግን አውቃለሁ።

ጎረቤቴ ደግሞ ነገር አታሳድርም። "እስቲ ንገሪኝ፣ ዕድሜ ልክሽን የሰው ሻንጣ ስትበረብሪ ኖረሽ ምን አተረፍሽ?" አለችኝ በማግስቱ። ስቄ አለፍኳት። አሁን ግን ጊዜ ሞልቶኛል፤ እንግዲህ መልሱ ይኸውልሽ።

የተወለድኩት አዲስ አበባ ነው። አባቴ ከአስመራ ለሥራ ሄዶ እዚያው ወልዶ ከብዶ የቀረ ሰው ነበር። እኔም ፒያሳ አካባቢ አንድ ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ስቆርጥ ስሰፋ ጎለመስኩ። የኤርትራ ነፃነት በመጣ ሰሞን ዘመድ አዝማድ ሁሉ "አገራችን ገባን" ሲል እኔም ሻንጣዬን አንጠልጥዬ አስመራ ገባሁ፤ ታናሽ ወንድሜ ግን ትዳሩን ይዞ እዚያው ቀረ። ትግርኛዬ ከእናቴ ማጀት ያልወጣ ትግርኛ ነበር። ሽንኩርትና ጨው እጠራበታለሁ፤ ስለ ሥራና ስለ ሕግ ማውራት ስጀምር ግን አማርኛው ይቀድመኛል። እንደ እኔ ከኢትዮጵያ የተመለሰውን ሁሉ ከተማው "አምቼ" ይለው ነበር፤ አንዳንዱ ለፌዝ፣ አንዳንዱ ለማቆላመጥ። እኔ ሁለቱንም ለመድኩ።

ያረፍኩት ጥራቮሎ ሰፈር፣ አሞይ ጽጌ ቤት ነው። አሞይ ማለት በእኛ የአባት እኅት ናት። ሥራ ማግኘቴን የነገርኳት ዕለት ደስታዬ አፌ ላይ ቀዘቀዘ።

"የት ተቀጠርሽ?"

"አውሮፕላን ማረፊያ፤ ደኅንነት ክፍል።"

የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። "ደኅንነት? ጓል ሓወይ፣ የወንድሜ ልጅ፣ የማንን ወሬ ለማን ልታቀብዪ ነው?"

በቀድሞው መንግሥት ዘመን ባሏን ከቤት የወሰዱት ሰዎች በዚህ ስም ይጠሩ ነበር። ሰውየው እንደወጣ አልተመለሰም። እኔ የምፈትሸው ሻንጣ መሆኑን፣ ይኸውም መንገደኛ በሰላም ደርሶ በሰላም እንዲመለስ መሆኑን ባስረዳት፣ ባስረዳት፣ ፊቷ አልፈታም። ከዚያ ወዲያ ጎረቤቶቿ እኔ ስገባ ስለ ዝናብ ብቻ ማውራት ጀመሩ። አንድ ክረምት ሙሉ ከጥራቮሎ ሰዎች የሰማሁት ወሬ ዝናብ ነው። ደመወዜ ከአውቶቡስ ተርፎ ለጫማ የማይደርስ ነበር፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልናገርም። የጎረቤት ዝምታ ግን ከደመወዙ ይልቅ ይቆጨኝ ነበር።

የክፍላችን ኃላፊ ለተብርሃን ትባላለች፤ ከሜዳ የገባች ታጋይ ናት። ለዓመታት በሜዳ የሠራችው ፈንጂ እየፈለጉ ማምከን ነው። ሥራው እንዲህ ሆኖ ሳለ ዐሥሩም ጣቶቿ ሙሉ ነበሩ፤ የሙያ ምስክር ወረቀቷ እነሱ ናቸው። ልጅ ሳለች አስመራ ትምህርት ቤት በአማርኛ የተማረች ስለሆነች ለእኔ ስትል በአማርኛ ትናገራለች፤ ስትቆጣ ግን ወደ ትግርኛዋ ትመለሳለች። መጀመሪያ ቀን "እርስዎ" ብዬ ስጠራት ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች።

"ማንን ነው የምትጠሪው?"

"እርስዎን።"

"እኔ አንድ ሰው ነኝ። በሜዳ አንቱታ የለም። 'አንቺ' በዪኝና ሥራ እንጀምር።"

የዚያን ጊዜ ማሽን የሚባል ነገር አልነበረንም። የነበረን አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አንድ መጋረጃና እጃችን ነው። ለተብርሃን ሥራ ከመጀመሯ በፊት የሻሂ ብርጭቆ በሁለት እጇ ይዛ ታሞቃቸዋለች። "ቀዝቃዛ እጅ አይሰማም። ሰውንም ያስደነግጣል" ትላለች። ሻንጣ ስትከፍት መጀመሪያ ባለቤቱን ታስፈቅዳለች። ከአራቱ ማዕዘን ጀምራ ወደ መሐል ትገባለች፤ ጣቶቿ ሲሠሩ ዐይኗ ሻንጣው ላይ አይደለም፣ የባለቤቱ አንገት ላይ ነው። ፊት ይዋሻል፤ አንገት ግን ምራቁን ሲውጥ ይታያል ትለኝ ነበር። ያወጣችውን ዕቃ ባወጣችበት ቅደም ተከተል ትደረድርና ከመጨረሻው ጀምራ ትመልሳለች። የመጨረሻው ሸሚዝ ሲገባ ሻንጣው ያልተነካ ይመስላል። እኔ ስፌት ቤት ያደግሁት እንኳ እንደ እሷ ማጠፍ አልችልም ነበር።

ከሁሉ በላይ የምትጠነቀቀው ግን ለሰው ገበና ነው። የውስጥ ልብስ ከሻንጣው ጠርዝ በላይ ከፍ አይልም። አንድ ጊዜ ከተማው የሚያውቃቸው አንድ ነጋዴ ሲያልፉ መድኃኒት አገኘች። ሰውየው ላብ አጠመቃቸው። ለተብርሃን ጠርሙሱን ስሙ ወደ ደረቷ እንዲሆን አዙራ ይዛ፣ አንብባ፣ መልሳ ካልሲ ውስጥ ሸጎጠችው። ከኋላ የተሰለፈው ሰው ምንም አላየ። ማታ በአውቶቡስ ስንመለስ "መድኃኒቱ ምን ነበር?" ብዬ ጠየቅኋት።

"የትኛው መድኃኒት?" አለችኝ።

በሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ከአጃቢዎቹ ጋር መጣ። አጃቢው "እሳቸው አይፈተሹም" ሲል የእኛ ሰው ሁሉ ወደ ግድግዳው ተለጠፈ። ለተብርሃን ግን እጇን እያሞቀች ጠበቀችው። ሰውየው በሜዳ የእሷ አዛዥ የነበረ ኖሯል። ተያዩ። ሥራዋን የማትተው ሴት መሆኗን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ኮቱን ራሱ አወለቀና እጁን ወደ ላይ ዘረጋ።

"ለተብርሃን፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እጅ ሰጠሁ" አለ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ቀን በኋላ "አልፈተሽም" ያለን ሹም የለም። ለአሞይ ጽጌ ስነግራት "ሹሙንም?" አለች። "ሹሙንም" አልኳት። ተነሥታ ሻሂ ቀዳችልኝ።

እንግዲህ ነገሩ በዚህ መልኩ እያማረ ሲሄድ ነው ውድቀታችን የመጣው።

አንድ የውጭ አየር መንገድ ወደ አስመራ በረራ ሊጀምር አስቦ፣ ከዚያ በፊት ፍተሻችን አስተማማኝ መሆኑን የሚያይ መርማሪ ላከ። በጣም ረጅም፣ ትሑት ሰው ነበር፤ በር ሲገባ ጎንበስ ይላል። ከእኛ የጠየቀው ነገር የለም። ወንበር ስቦ ለቀናት ተቀመጠና የሰዉን አኳኋን አየ። የአገራችን መንገደኛ ባዶ እጁን እንደማይሄድ፣ የዘመድ፣ የጎረቤት፣ የማያውቀውም ሰው አደራ ተሸክሞ እንደሚሄድ ያስተዋለው እዚያ ተቀምጦ ነው። በአቡጀዲ ተሰፍቶ፣ ላዩ ላይ የተቀባዩ ስም በእስክሪብቶ የተጻፈበት በርበሬና ሽሮ በየሻንጣው ነበር። አደራ አልሸከምም ማለት ነውር ነው፤ የተሰፋ አደራ መክፈት ደግሞ ከነውርም በላይ ነው። እኛም ፈታሾች ነን እንጂ የዚሁ አገር ሰዎች ነን። አደራውን ከላይ እንጫነው፣ እናሸትተው ነበር እንጂ ስፌቱን አንነካም።

አንድ ጠዋት፣ ወደ አዲስ አበባ በሚሄደው በረራ፣ መርማሪው ያዘጋጀው አንድ ዘናጭ ወጣት ወደ አንዲት እናት ጠጋ አለ። አደይ ብርኽቲ ይባላሉ፤ አደይ እንደ እማማ ማለት ነው፤ የማይ ጭሆት ሰፈር ሰው ናቸው። "እናቴ፣ ወንድሜ እዚያ ይጠብቀዎታል፤ ትንሽ በርበሬ ናት፤ ሓደራ" አላቸው። እሳቸውም መርቀው ተቀበሉት።

ጠረጴዛው ላይ የነበረችው ለተብርሃን ናት። እኔ ከጎኗ ቆሜያለሁ።

"አደይ፣ ይህ የራስሽ ነው?"

"ኣይፋልን ጓለይ፣ አይደለም ልጄ፤ ሓደራ እዩ።"

"የማን?"

"የአንድ ልጅ። የእኛው ልጅ ነው።"

ለተብርሃን ጥቅሉን ተጫነችው። ጣቷ አንድ ቦታ ላይ ቆም ሲል አይቻለሁ። ጠንካራ ነገር ነበር፤ ብዙ ሰው በርበሬውን ጣሳ ውስጥ ይከታል። የአደይ ብርኽቲን አንገት አየች። አንገታቸው እንደ ጸሎት መጽሐፍ ንጹሕ ነው፤ ሴትዮዋ ምንም አያውቁማ። "በሰላም ግቢ" ብላ አሳለፈቻቸው።

መርማሪው ከወንበሩ ተነሥቶ እጁን አነሣ። በረራው ቆመ። ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ አምጥቶ በመቀስ ቀደደው። ከበርበሬው ሥር ጣሳ፣ ከጣሳው ውስጥ ሰዓትና ሽቦ የተጠመጠመበት ጭቃ ወጣ። የማይፈነዳ፣ ለፈተና የተሠራ የውሸት ፈንጂ ነው። ቢሆንስ? አደይ ብርኽቲ መሬት ላይ ተቀመጡ። "ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም" አሉ፤ ደጋግመው እሱኑ አሉ።

ለተብርሃን በረዶ የሆኑ እጆቿን ኪሷ ውስጥ ከትታ ቆመች። ወደ ቤት ስንመለስ ሰምበል ፌርማታ ላይ አውቶቡስ ስንጠብቅ "ፈንጂ ከመሬት ሳወጣ ዓመታት ኖርኩ" አለችኝ። "አንድም ፈንጂ 'አደራ' ብሎኝ አያውቅም።"

ፍርዱ በማግስቱ መጣ። መርማሪው ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ ይፈትነናል። ዳግም ከወደቅን በረራው አይጀመርም፤ ፍተሻውን ከውጭ የሚመጣ ድርጅት ይረከበዋል፤ ለተብርሃንም ከቦታዋ ትነሣለች። የማረፊያው ኃላፊ አቶ ተስፋሚካኤል ይህን ሲነግራት ዐይኗን ማየት አቅቶት ነበር። ይህች ሴት ከሜዳ ስትገባ ቤት የላት፣ ባል የላት፤ ይዛ የገባችው እነዚያን እጆች ነው። አሁን እነሱንም "አይታመኑም" ሊሏት ነው። እኔ ንዴቴ ራሴ ላይ ወጣ። ለእሷ ስል ድንጋይ የምፈጭ መሰለኝ።

አቶ ተስፋሚካኤል በችኮላ "አደራ መያዝ ክልክል ነው" የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ ለጠፈ። ውጤቱ ያስቃል። ሰው አደራውን መተው ሳይሆን መደበቅ ጀመረ። በርበሬ በኮት ገበር ውስጥ፣ ሽሮ በሕፃን አንቀልባ ውስጥ፣ ቅቤ በባርኔጣ ሥር ተገኘ። ቀድሞ "አደራ ነው" ብሎ እውነቱን የሚነግረን ሕዝብ አሁን በማርያም ስም እየማለ ይዋሸን ገባ። በሳምንቱ የአቶ ተስፋሚካኤል አማት ሲያልፉ ከነጠላቸው ሥር የሰፈሩ ሁሉ አደራ ወጣ። ማስታወቂያው በዚያው ቀን ተነሣ፤ ማን እንዳነሣው አልጠየቅንም።

መፍትሔው የመጣው ከጥራቮሎ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ከልጆቿ ጋር አዲስ አበባ ልትሄድ ስለነበር አሞይ ጽጌ ለወንድሜ የሽሮና የጣፋጭ ጥቅል አዘጋጅታ፣ ዙሪያውን ጥቅጥቅ አድርጋ ሰፍታ ሰጠችኝ።

"አሞይ፣ መክፈት አለብኝ።"

"ምን? በገዛ ቤቴ? እኔን አታምኚኝም?"

ያን ቀን ድካምም ንዴትም ነበረብኝ፤ አፌ አልተመለሰም። "አሞይ፣ የሰፋሽው አንቺ ነሽ። እንዲህ ጥቅጥቅ አድርጎ የሚሰፋ ሰው ነው ያላመነ። ማን ነው ማንን ያላመነው?"

ቁጣ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። አሞይ ጽጌ ጥቅሉን አየችው፤ እኔን አየችኝ። ከዚያ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። "ሓቅሽን ነው፤ አላመንኳችሁም። የመንገደኛዋ ልጆች በመንገድ ጣፋጩን እንዳይበሉት ብዬ ነው የሰፋሁት!" አለችና መቀሱን አምጥታ ራሷ ተረተረችው። ከውስጥ ከሽሮው ጋር ለወንድሜ ሚስት የላከችው የጡት መያዣ ወጣ። አሞይ በመዳፏ ከለለችው። ለካ የምትሰፋው ለዚህም ነው። "ይህንን አንቺ ብታዪው ግድ የለኝም፤ መንገደኛዋ ግን እንዳታየው" አለችኝ። መርፌ አምጥቼ መልሼ ሰፋሁላት።

በማግስቱ ሁሉንም ለለተብርሃን ነገርኳት። ብርጭቆዋን እንደያዘች ሰማችኝ።

"እንግዲህ አደራው ይከፈት፣ ግን የሚከፍተው ላኪው ራሱ ይሁን" አለች ቀስ ብላ።

"በመጋረጃ ውስጥ" አልኩ። "ከላኪውና ከእኛ በቀር ማንም አያይም። ከዚያ እኛ እንሰፋዋለን።"

"በምን ይታወቃል እኛ መስፋታችን?"

"በክሩ። በየቀኑ ቀለሙን እንለውጣለን። ቋጠሮውን ለእኔ ተዪልኝ።"

ለረጅም ጊዜ ያላየሁት ፈገግታ ፊቷ ላይ መጣ። "አምቼይቱ፣ ሙያሽን ደብቀሽ ነው ለካ የኖርሽው" አለችኝ።

መግቢያው ላይ አንድ ትንሽ ጠረጴዛ ተከልን። መጋረጃ፣ መቀስ፣ መርፌና ክር አደረግንበት። ሕዝቡ በራሱ አፍ "የአደራ ጠረጴዛ" አለው። ክሩን ስጨርስ ጫፉን በስፌቱ ውስጥ መልሼ የምቀብርበት አኳኋን አለኝ፤ ከፈታሽው ያው ጨርቁ ይቀደዳል እንጂ መልሶ አይሰፋም። በቀይ ክር የተሰፋ አደራ በአረንጓዴ ቀን ቢመጣ ጥያቄ አለው። ለአቶ ተስፋሚካኤል ስናሳየው ቋጠሮዬን ሊፈታ ግማሽ ሰዓት ታገለና ጥፍሩ ተሰበረ። "ይሁን" አለን።

ጠረጴዛ መትከል ቀላል ነው፤ ሰው ማምጣት ነው ጭንቁ። ላኪው ከጓዳው ተነሥቶ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ለምን ይመጣል? ወረቀት ብንለጥፍ እንደማይሠራ አይተናል። የረዱን አደይ ብርኽቲ ናቸው። ያ ቀን ከልባቸው አልወጣም ነበር። ቤታቸው ማይ ጭሆት ሄደን ስንለምናቸው ነጠላቸውን አጣፉና "ምሩን በሉኝ እንጂ አትለምኑኝ" አሉን። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቆመው ነገሩን ከነውርደቱ ይናገሩ ጀመር። "አውሮፕላን ሙሉ ሰው በእጄ ልገድል ነበር፤ አደራ ጠበቅሁ ብዬ። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም! ተዘግቶ የተሰጣችሁ አደራ አደራ አይደለም፤ ሰጪው አላመናችሁም። የሚያምናችሁ ሰው ከፍቶ ያሳያል።" እንደ እሳቸው የተናገረ የለም። እኛም ከሥራ በኋላ በየሰፈሩ ዞርን፤ በየሻሂ ቤቱ፣ በየማኅበሩ ገባን። የጥራቮሎ ሰዎች ስለ ዝናብ ማውራት የተውት በዚያ ሰሞን ነው። አንድ ምሽት ቤት ስገባ አሞይ ጽጌ ለጎረቤቶቿ "የወንድሜ ልጅ ደኅንነት ናት" እያለች ትኮራ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ሰማኋት። በዚያ ቃል ባሏን ያጣች ሴት ናት።

መርማሪው ተመለሰ። ቀኑን አልነገረንም። ለተብርሃን ጠዋት ጠዋት እጇን ስታሞቅ ሻሂው እስኪቀዘቅዝ ብርጭቆውን አትለቅም። "ኣጆኺ" እላታለሁ በተውሶ ትግርኛዬ፣ አይዞሽ ለማለት። "እወ" ትለኛለች፣ እሺ እንደ ማለት።

ያን ቀን ክራችን ሰማያዊ ነበር። የአደራ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጫለሁ። ከውጭ በኩል ጭቅጭቅ ሰማሁ። አንድ ሸበቶ ሽማግሌ፣ አቦይ ገብረዝጊ የሚባሉ የአደይ ብርኽቲ ደብር ሰው፣ አንዲት ነጠላ የለበሰች ወጣት ሴት እጇን ይዘው እየጎተቱ ይመጣሉ። በሌላ እጃቸው የተሰፋ ጥቅል አለ።

"አባባ፣ እቸኩላለሁ፤ ይልቀቁኝ!" ትላለች ሴትዮዋ።

"ሕራይ ጓለይ፣ እሺ፣ አደራሽን ተቀብያለሁ አልኩሽ እኮ! አልከለከልኩሽም። አሁን ነይ ወደ መርፌዋ። አንቺ ትከፍቺያለሽ፣ እሷ ትሰፋለች፣ እኔ እወስዳለሁ። ወንድምሽ ደጅ ድረስ አደርሰዋለሁ፤ ሃይማኖቴን!"

"ዘግቼ ነው የሰጠሁዎት!"

"ለዚህ እኮ ነው የምጎትትሽ።"

ሽማግሌው ሴትዮዋን አልጠረጠሯትም። ዐይን አፋር መስላቸዋለች። እንደ ልጃቸው እያባበሉ፣ ግን ክንዷን እንደ በሬ ቀንድ አጥብቀው ይዘው ጠረጴዛዬ ፊት አቆሟት። "በይ፣ እኔ ፊቴን አዞራለሁ፤ ገበናሽን አላይም" ብለው ጀርባቸውን ሰጧት። እጇን ግን አልለቀቁም።

ሴትዮዋ በአዳራሹ ዳር ወዳለው ዓምድ ተመለከተች። ከዓምዱ በስተጀርባ ረጅሙ መርማሪ ቆሟል። ለተብርሃን ከዋናው ጠረጴዛ አየችው፤ እኔም አየሁት። አዳራሹ ነገሩ ገባው መሰል ፊቱን ወደ እሱ አዞረ። ሰውየው እያመነታ መጣ፤ ጎንበስ ብሎ ትንሿ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ አገጩ ድረስ ደረሰ። ለተብርሃን መቀሱን አንሥታ በመያዣው በኩል አቀበለችው።

"ሕጋችን ነው" አለችው በአስተርጓሚው። "ላኪው ራሱ ይከፍታል።"

ረጅሙ ሰው የገዛ ጥቅሉን ራሱ ቀደደ። በርበሬው ፈሰሰ፤ ጣሳው፣ ሰዓቱ፣ ሽቦው ወጣ። አቦይ ገብረዝጊ በድንጋጤ ዞሩና ሴትዮዋን ከጭቃው አርቀው ከኋላቸው ከለሏት፤ አሁንም ሊጠብቋት ነው። ከሰልፉ መሐል አንዲት ሴት እልል አለች፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ተቀበላት። አቶ ተስፋሚካኤል እንኳ ከቢሮው ወጥቶ ያጨበጭብ ነበር።

መርማሪው በርበሬው እያስነጠሰው ለተብርሃንን ጠየቃት። "እንዴት ደረሳችሁበት?"

"እኛ አልደረስንበትም" አለችው። "አገሩ ነው ጎትቶ ያመጣው።"

ሰውየው ሳቀ፤ ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ የሳቁና የበርበሬው ድርሻ አልለየልኝም። በሥራ ዘመኑ ለፈተና ያዘጋጀው ዕቃ ወደ ፈታሹ ተጎትቶ የቀረበለት ያን ዕለት ብቻ መሆኑን ነገረን። እኔም ወጉ እንዳይቀር ጣሳውን በአቡጀዲው ጠቅልዬ በሰማያዊ ክር ሰፋሁለትና መለስኩለት። ንብረቱ ነዋ። በሁለት እጁ ተቀበለኝ። በረራው ተጀመረ። ለተብርሃንም በቦታዋ ጸናች።

ከዓመታት በኋላ የሻንጣ ውስጥ የሚያሳየው ማሽን መጣልን። መጀመሪያ ሰሞን እናቶች ጠበላቸውን ሊያሳልፉበት ፈርተው ስንት ክርክር ሆነ! ማሽኑ ጎበዝ ነው፤ ብረቱን ከጨርቁ ለይቶ ያሳያል። ቢሆንም የአደራውን ጠረጴዛ ማንም አላነሣውም። ለተብርሃን ጡረታ ስትወጣ ቦታዋን እኔ ያዝኩ፤ አዲስ የምትገባ ሴት ሁሉ መጀመሪያ የምትማረው እጅ ማሞቅ ነበር። መድኃኒት ወደ ደረት ማዞርንም እንዲሁ።

አሁን ወደ መጨረሻው። የአዲስ አበባ በረራ ለብዙ ዓመታት ተቋርጦ እንደገና የተከፈተው እኔ ጡረታ በወጣሁበት ሰሞን ነው። ወንድሜን ላየው ተነሣሁ። ለተብርሃን ሰማች። አሁን አርጅታለች፤ እነዚያ እጆች መንቀጥቀጥ ጀምረዋል፤ ብርጭቆ እጇን ለማሞቅ ብቻ ሳይሆን ለመጠጣትም በሁለት እጇ ነው የምትይዘው። ዋዜማውን ከምትኖርበት ከማይ ጭሆት ቤቴ ድረስ በእግሯ መጥታ አንዲት ጥቅል አስቀመጠችልኝ። ለወንድሜ ነው። አይታው አታውቅም። "አደራ ያልያዘ መንገደኛ ባዶ ነው" አለችኝ። ጥቅሉ አልተሰፋም። ላዩ ላይ መርፌና ክር አስቀምጣለች።

"ልስፋልሽ?" አልኳት።

"ኣይፋልን። እዚህ አይደለም።"

ምን ማለቷ እንደሆነ የገባኝ በማግስቱ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል፤ ሰው ሁሉ የዓመታት አደራ ተሸክሟል። ጠረጴዛው ጋ ስደርስ እኔው ያስተማርኳት ፈታሽ ቀና ብላ አየችኝ። የምታውቀኝ መሆኗ ፊቷ ላይ ነበር፤ ቢሆንም ሥራዋን አልተወችም።

"ይህ የራስዎ ነው?"

"አይደለም፤ አደራ ነው።"

"ላኪውስ?"

ከኋላዬ፣ ከግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ የሚንቀጠቀጥ እጅ ተነሣ። ጉልበቷ እያመማት ከሌሊቱ ተነሥታ በአውቶቡስ መጥታ ተራዋን ስትጠብቅ የነበረች አሮጊት ናት።

"እኔ ነኝ" አለች ለተብርሃን። "መጣሁ፤ እከፍተዋለሁ።"